ያልፈረምኩት ወረቀት

ልጄ ከትምህርት ቤቱ ወረቀት ይዞ መጣና «አባዬ፣ ፈርምልኝ» አለኝ። የመኪና ጥገና ትምህርት ሊመርጥ ነው። ደሜ ፈላ። ሌሊት ታክሲ የምነዳው ሐኪም እንዲሆንልኝ እንጂ ግራሶ እንዲቀባ ነው እንዴ?

እኛም በአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ሆም ኢኮኖሚክስ ነበረን። እኔ የሠራሁት በርጩማ ይንገዳገድ ነበር፤ እናቴ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወጣዋለች። (ስፖርትማ ፈተና ሲቃረብ ለሂሳብ አስተማሪው የሚለቀቅ ሰዓት ነበር!) ያም ሆኖ ወደ ሙያ የሚሄደው ነጥብ የጎደለው ነው ሲባል እየሰማን አደግን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ምላሳችን አልታረመም፤ የኔም ጭምር።

ትናንት የታክሲዬ ፍሬን ሲንሲያጠጥ ቀድሞ የሰማው ይኸው ልጅ ነው። ወረቀቱ ሰኞ ይመለሳል። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነው።