የተሰረቀ ዓሣ የሚያዘው በወደብ ነው

ዓሣ በባሕር ላይ ቢሰረቅም የሚሸጠው በየብስ ነው። ከሞምባሳ ወደብ ከ400 ኪሎሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በናይሮቢ፥ በፓርክላንድስ ሠፈር የባሕር ዓሣ የሚገዛ ሰው፥ ዓሣው በፈቃድ የተሠገረ ይሁን ወይም የተሰረቀ በዓይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም። ይህን ሊለዩ የሚችሉት ጭነቱን በወደብ የሚመረምሩት ሹማምንትና ሰነዱን የሚረከቡት ነጋዴዎች ናቸው።

የኬንያ የባሕር ሀብት ክልል ከጠረፍ እስከ 200 የባሕር ማይል ይዘልቃል። ይህን የሚያህል ውሃ አንድ መንግሥት ብቻውን ልጠብቅ ቢል ወጪው ይከብደዋል፤ ቢጠብቅም ሌባው ወሰን ተሻግሮ በጎረቤት ወደብ ጭነቱን ያራግፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ይህንኑ በመረዳት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. «ፊሽ አይ አፍሪካ» የተባለው ኅብረት ተመሠረተ፤ ኮሞሮስ፥ ኬንያ፥ ማዳጋስካር፥ ሞሪሸስ፥ ሞዛምቢክ፥ ሲሼልስ፥ ሶማልያና ታንዛንያም የመርከቦችን ስም፥ ፈቃድና አካሄድ እርስ በርሳቸው ለመገላለጥ ተባበሩ። የዚህም ፍሬ በ2016 ዓ.ም. ታየ። በሶማልያ ጠረፍ ሕግ ተላልፎ አሥግሯል ተብሎ የተከሰሰው «ግሬኮ 1» የተባለው መረብ ጎታች መርከብ ሞምባሳ በደረሰ ጊዜ፥ የሁለቱ አገሮች ሹማምንት በአንድነት መረመሩት፤ ነገሩም ለሶማልያ 65,000 የአሜሪካ ዶላር እንዲከፈል በስምምነት አለቀ።

ይሁን እንጂ መቀጫው ከትርፉ ያነሰ እንደ ሆነ፥ ጥፋተኛው እንደ ቀረጥ ቆጥሮት ሥራውን ይቀጥላል። የበለጠ የሚጎዳው የገበያ መዘጋት ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ያጸደቀው፥ በ2016 ዓ.ም. የጸናው የወደብ ስምምነት፥ የውጭ አገር ዓሣ አሥጋሪ መርከብ አስቀድሞ የመግቢያ ፈቃድ እንዲጠይቅ፥ ሕግ የተላለፈውም ዓሣ እንዳያራግፍና ነዳጅ እንዳይቀዳ ይደነግጋል። ኬንያና ሶማልያም የዚህ ስምምነት አባሎች ናቸው።

እንግዲህ የጎደለው ሕግ ሳይሆን ትጋት ነው። አንዱ ወደብ ዘግቶ ሌላው ቢከፍት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የወደብ ሹማምንት የከለከሉትን መርከብ ስም በዚያው ቀን ለጎረቤቶቻቸው ማስታወቅ፥ ነጋዴዎችም የመርከቡ ስምና የፈቃዱ ቁጥር ያልተመለከተበትን ጭነት አለመረከብ ይገባቸዋል። ዛሬ በርካሽ የተገዛ የተሰረቀ ዓሣ፥ ነገ የታንኳ አሥጋሪውን መረብ ባዶ ያደርጋል፤ ከዚያም በኋላ ነጋዴው ራሱ የሚሸጠው ያጣል።