የዓሣ ትል ዑደትና የማኅበራት ድርሻ

ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ ወይም ከጣና ሐይቅ የወጣ ዓሣ ሲሰነጠቅ በሥጋው፣ በስንጥቡ ወይም በሆዱ ውስጥ ትል መገኘቱ ለአስጋሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ገዢው ትሉን ባየ ጊዜ ዓሣውን ስለሚመልስ ጉዳቱ በማኅበሩ ገቢ ላይ ያርፋል። ትሉ ዓሣው በመበላሸቱ የሚፈጠር አይደለም። ዓሣው በሕይወት ሳለ የገባበት ጥገኛ ነው።

በቆሮሶና በአምባዛ ላይ በብዛት ከሚታዩት መካከል ሁለቱ ተለይተው ሊታወቁ ይገባል። የመጀመሪያው ክሊኖስቶመም የሚባለው ቢጫ ትል ነው። ዓሣ በሊታ ወፎች ጉሮሮ ውስጥ አድጎ እንቁላሉን ወደ ውሃ ይጥላል። የተፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ከተራባ በኋላ ወጥቶ የዓሣውን ቆዳ በመብሳት በሥጋው ውስጥ ይቀመጣል። ከብትን እንደሚያጠቃው የጉበት ትል ሁሉ ይህም ያለ ቀንድ አውጣ ትውልዱን መቀጠል አይችልም።

ሁለተኛው ኮንትራሲከም የሚባለው ክብ ትል ሲሆን፣ የሚያድገው እንደ ፔሊካን ባሉ ወፎች ጨጓራ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከኩሳቸው ጋር ውሃ ውስጥ ይወድቃል። እጩን በመጀመሪያ በዓይን የማይለዩ የውሃ ነፍሳት፣ እነሱን ደግሞ ዓሣ ይበላቸዋል። ትሉም በዓሣው ሆድ ዕቃና በልቡ ዙሪያ ተጠቅልሎ ወፉን ይጠብቃል።

ሰው በዑደቱ ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዓሣ በሚወርድበት ዳርቻ የተጣለ ሆድ ዕቃ ትሉን ከነሕይወቱ ለፔሊካን ያቀርባል። አምባዛም የተጣለውን ሲውጥ ትሉን ይወርሳል። ስለሆነም የዓሣ ተረፈ ምርት ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ፣ ወፍና ውሻ ሊያወጡት በማይችሉት ጥልቀት መቀበር ይኖርበታል። ወፎቹ በሕይወት ያለ ዓሣም ስለሚያድኑ ይህ ብቻውን ትሉን ከሐይቅ አያጠፋም። ወፎቹን መግደልም መፍትሔ አይሆንም። ነገር ግን በየዕለቱ በሰው እጅ የሚጨመረውን ማስቀረት የማኅበሩ ሥልጣን ነው።

በኩሬ ዓሣ ለሚያረቡ ማኅበራት ሥራው ይቀላል። ቀንድ አውጣ የሚጠለልበትን የዳር አረም ማጨድ፣ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ኩሬውን ማድረቅ፣ ጫጩት ዓሣ ከመጨመሩ በፊት በባለሙያ ማስመርመር በአቅማቸው ያለ ነው።

ትል ያለበትን ዓሣ በጥሬው የበሉ ሰዎች አልፎ አልፎ መያዛቸው በልዩ ልዩ አገሮች ታይቷል። ዓሣው ውስጡ ድረስ በደንብ ሲበስል ግን ትሉ ይሞታል። በመሆኑም መሪዎች የጥሬ ዓሣን ልማድ በተመለከተ አባሎቻቸውን ሊያስተምሩ፣ የመቅበሪያ ጉድጓዱንም በጋራ ውሳኔ ሊያስቆፍሩና ተራ ጠባቂ ሊመድቡለት ይገባል።