ለአፍንጫ የሚሆን ጨው ስንት ያወጣል?

ጉንፋን የራሱ ገበያ አለው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ጊንጪም ይህን ገበያ አታጣውም። ብርድ ሲበረታ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ፈላጊያቸው ይበዛል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገሪቱ መገኘቱ በተነገረ ማግሥት የነዚሁ ሸቀጦች ዋጋ ንሮ፣ መንግሥት በነጋዴዎች ላይ እርምጃ እስከመውሰድ መድረሱ አይዘነጋም። ፍርሃት የገባው ሸማች ዋጋ አይከራከርም።

አሁን ደግሞ ቫይረስን ይከላከላሉ የተባሉ፣ በአፍንጫ የሚረጩ ፈሳሾች በዓለም ገበያ ላይ በርክተዋል። ታዲያ ለገንዘቡ የሚሳሳው የጊንጪ ሸማች ምን ያድርግ?

እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ የእንግሊዝ ጥናት ጥሩ መልስ ይሰጣል። ጥናቱ ከ13 ሺህ በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ሲሆን፣ የሕመም ስሜት ሲጀምራቸው ወይም ከታመመ ሰው ጋር ሲገናኙ ፈሳሹን እንዲረጩ ተደርጓል። በስድስት ወር ውስጥ ምንም ያልረጩት በአማካይ 8.2 ቀን ሲታመሙ፣ ዝልግልግ መድኃኒት የረጩት 6.5 ቀን፣ ተራ የጨው ውሃ የረጩት ደግሞ 6.4 ቀን ታመዋል። የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ፍጆታም ቀንሷል። ውዱና ርካሹ እኩል ወጡ ማለት ነው።

አዜላስቲን የተባለው የአለርጂ ስፕሬይም እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ የጀርመን ጥናት ተስፋ አሳይቷል። ከ450 ተሳታፊዎች መካከል መድኃኒቱን ከረጩት 2.2 በመቶ፣ ካልረጩት 6.7 በመቶ በኮቪድ ተይዘዋል። ሆኖም ጥናቱ አነስተኛ በመሆኑ በሰፊው መፈተሽ ይኖርበታል።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዶላር የሚገባ መድኃኒት ኪስ ይጎዳል። ጨው ግን ከአፋር ይመጣል፤ ውሃም በአገር አለ። አምቦ ውሃን በጠርሙስ አሽጎ መሸጥን ለአገሩ ያስተማረች ከተማ ናት። እርግጥ ለአፍንጫ የሚሆነው ከጀርም የጸዳና መጠኑ የተለካ የጨው ውሃ እንጂ የማዕድን ውሃ አይደለም። ቢሆንም ይህን ለማምረት የአገር ውስጥ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ከአቅማቸው በላይ የሆነ ነገር የለም። ባለሀብቱ ሊያስብበት የሚገባ ሥራ ነው።

ሸማቹም ሁለት ነገር ይለይ። አንደኛ፣ የተዘጋ አፍንጫ የሚከፍተው ጠብታ ሌላ ነው፤ ቫይረስ አይከላከልም፣ ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰድም አፍንጫን መልሶ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ የጨው ውሃ ክትባትን አይተካም፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰውም ከሐኪም አያስቀርም። በቤት የሚያዘጋጅም ካለ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ ዕቃውም ንጹሕ መሆን አለበት። ያልፈላ የወንዝም ሆነ የቧንቧ ውሃ በአፍንጫ መሳብ አደገኛ ነው።

የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ድርሻም ቀላል አይደለም። ጨውና ውሃ የያዘ ብልቃጥ «ቫይረስ ገዳይ» ተብሎ በመድኃኒት ዋጋ እንዳይቸበቸብ ጽሑፉን ከወዲሁ መመርመር ይገባል። ለገበሬው ሁለት የሕመም ቀን መቀነስ በአጨዳ ወቅት ትልቅ ነገር ነው። ያን ጥቅም በጨው ዋጋ ማግኘት ከተቻለ፣ በዶላር ዋጋ የሚከፍልበት ምክንያት የለም።