ከመሬት ሥር የሚመጣው ጎርፍ

ጎርፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ወንዝ ሞልቶ ሲያጥለቀልቅ ነው። ድምፅ ሳያሰማ ከመሬት ሥር የሚመጣ ጎርፍም አለ። በመካነ ሰላምና በአካባቢው ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ሥፍራዎች፣ በተለይ ሜዳማ በሆኑት ላይ የሚገኘው የዋልካ አፈር በክረምት ሲርስ ያብጣል፤ ውሃውን በቀላሉ ወደ ታች አያሰርግም። ዝናቡ ሲበረታ ጓሮው ይረጥባል፤ የጉድጓድ ውሃ ወደ አፉ ይቀርባል፤ በበጋ ያልነበሩ ምንጮች ይፈልቃሉ።

አርሶ አደሩ ይህን የመሬት ጠባይ ያውቀዋል። ማሳውን በፈሰስ የሚያጠነፍፈው ለዚሁ ነው። ለሰብል የሚደረገው ጥንቃቄ ግን ለመጠጥ ውሃም ሊደረግ ይገባል። የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ሲል የመጸዳጃ ጉድጓዱና የውሃ ጉድጓዱ ከሥር ይገናኛሉ። ውሃው ጥርት ብሎ ስለሚታይም ማንም አይጠረጥረውም። ታይፎይድ፣ ጃርዲያና ኮሌራ የሚተላለፉት በተበከለ ውሃና ምግብ ነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ሥፍራ የተከሰተው ኮሌራ፣ የንጹሕ ውሃና የመጸዳጃ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል።

ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ቆጥሮ ሽፋን ማስላት ብቻውን አይበቃም። ጉድጓድ የሚቆፈረው ብዙውን ጊዜ ውሃው በራቀበት በበጋ ነው፤ መለካት ያለበት ግን በነሐሴ በሚደርስበት ከፍታ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓዱ ወለል ከዚያ ከፍታ ቢያንስ 1 ነጥብ 5 ሜትር በላይ፣ ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድም ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል መሆን አለበት። ውሃ በሚተኛበት መሬት ጠልቆ መቆፈር ጉዳት አለው። እዚያ የሚሻለው በድንጋይ ካብ ከመሬት ከፍ ያለ መጸዳጃ መሥራት ነው። ይህን ለእያንዳንዱ አባወራ ብቻ መተው አይገባም፤ ቀበሌው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የውሃ ኮሚቴው አብረው ሊያቅዱት ይገባል። ፈሰሱም ከአንዱ ማሳ ወጥቶ የጎረቤትን ጓሮ ወይም ምንጭ እንዳያጥለቀልቅ መውረጃው በጋራ ይወሰን።

በቤት ውስጥ ደግሞ የሚከተሉትን ያድርጉ። የምንጭና የጉድጓድ ውሃ አፍልተው ይጠጡ። ደጋ ላይ ውሃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ስለሆነ፣ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች ከተንተከተከ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ካጠረ የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በመመሪያው መሠረት ይጠቀሙ። ውሃው ከደፈረሰ አስቀድመው በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት። ከመጸዳጃ መልስና ምግብ ከማዘጋጀትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ አንዱን የኦ.አር.ኤስ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው እየሰጡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከሆነ ጡት ማጥባቱ አይቋረጥ።

ዝናቡ ሲያባራ አንዘናጋ። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳም ከሥር ያለው ውሃ ገና አልወረደም።