በጣና ላይ ማን ይወስናል?

እ.ኤ.አ. በ2003 የጣና ውሃ ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅተኛ ደረጃ ወረደ። መርከቦች ለአራት ወራት ያህል ቆሙ፤ ደንገሉ ደረቀ፤ የዓሣው ምርት አሽቆለቆለ። ያን ጊዜ እኔ የአንድ መንግሥታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርኩ። ከባሕር ዳር የደረሰን ዜና ሁለት ምክንያት ይጠቅስ ነበር፤ የዝናብ እጥረትንና በጨረጨራ በር ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀውን ውሃ። ታትሞ የወጣው ዝናቡ ብቻ ነው። ሁለተኛውን የሰረዝኩት ራሴ ነኝ።

ባሕር ያላቸው አገሮች እንዲህ ያለውን ሽሚያ በካርታ ይዳኙታል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2009 የሰሜንና የባልቲክ ባሕር ድርሻዋን ለመርከብ መስመር፣ ለነፋስ ኃይል ማመንጫና ለተፈጥሮ ጥበቃ በሕግ ደለደለች፤ በ2021 አሻሻለችው። ጠቡ አልቀረም፤ ማን ምን እንደወሰደ ግን በወረቀት ላይ ይታያል።

ጣናም ካርታ አላጣም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል፤ ጥብቅ ቀጠና፣ መከለያ ቀጠና እየተባለ ተከፋፍሏል። ውሃውን የሚያዝዙት ግን ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ሐይቁን በዋሻ ይስበዋል። መስኖው በቆጋና በርብ ላይ ግድብ ሠርቷል። ገበሬው ደንገሉን መንጥሮ ባሕር ሸሹን ያርሳል፤ መሬት ቢጠበው ነው፣ አንፈርድበትም። ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ማዳበሪያና ፍሳሽ ደግሞ እምቦጩን ይቀልበዋል።

በዚህ መሃል ጠበቃ የሌለው ዓሣው ነው። በጣና 17 የላቤኦባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ 15ቱ በዓለም ሌላ የትም አይገኙም። ከእነርሱ በርካቶቹ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ያን ያለፈውን ከላይ ግድብ ይመልሰዋል።

እኛ በውጭ ያለነውስ? ገንዘብ አዋጥተን የእምቦጭ ማጨጃ ማሽን ላክን። ደግ ሥራ ነው፤ ማሽን ግን ውሃው ከየትኛው ልክ በታች እንዳይወርድ አይወስንም።

ዛሬ አንድ ነገር ተለውጧል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2025 ተመርቋል። በበለስ የዞረውም በጢስ ዓባይ የወረደውም ውሃ የሚገባው እዚያው ነው። ስለዚህ «መብራት ወይስ ሐይቅ» የሚለው ክርክር እንደ 2003ቱ የጠበበ አይደለም፤ በድርቅ ዓመት ጣና በለስ ጥቂት ቢታገስ አገር አይጨልምም። ዝቅተኛው የውሃ ልክ በሕግ ይቀመጥ፤ በመራቢያ ወራት የወንዞቹ አፍ ከመረብ ይጠበቅ።

«ከ2023 ጀምሮ ጦርነት ባለበት ክልል ማን ያስከብረዋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለመረቡ እውነቱን ነው። የተርባይኑን በር የሚከፍተው መሥሪያ ቤት ግን በየወሩ ምን ያህል ውሃ እንደወሰደ ለሕዝብ ለመንገር ሰላም እስኪወርድ መጠበቅ የለበትም። እኔ የሰረዝኩት መስመር ይኸው ነበር።