የአምባራስ ዕቅድ ከአምባራስ ይጀምር

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ የሚያልፍ መንገደኛ አምባራስ ሲደርስ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ይመለከታል። በአንድ ወገን የሩቅ አገር ሰው ሳይቀር ሊያየው የሚመጣው ገደልና ተራራ አለ። በሌላው ወገን ደግሞ በዚያው ተራራ ወገብ ላይ የተለጠፈ የገብስ ማሳ ይገኛል። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሁለተኛው የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ቤተሰብ የሚተዳደረው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚላከው፣ ግብር የሚከፈለውና ዝክር የሚዘከረው ከዚያ ማሳ በሚገኘው ገብስ መሆኑን የአካባቢው ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዋልያ ቁጥር በመመናመኑና እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የፓርኩ ወሰን እንደገና ተከልሎ ስፋቱ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የግጭ ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ።

የአካባቢው የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ይህን ታሪክ ሊያጤኑት ይገባል። አንድ መንደር ስለ መሬቱ፣ ስለ ግጦሹና ስለ ዘሩ ራሱ መክሮ ዕቅድ ካላወጣ፣ ሌላው ያወጣለትን ዕቅድ ለመቀበል ይገደዳል። ስለዚህ የአምባራስ ገበሬ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ምን ይሰጠናል?» የሚለውን ብቻ አይደለም። «የዛሬ 20 ዓመት በዚህ መሬት ላይ ልጆቻችን ምን ያርሳሉ? ምንስ ያበላሉ?» የሚለው ይቀድማል።

እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ የተለመደው አሠራር ዕቅድ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ነው። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ፣ ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ተብሎ ቁጥር ይመጣል። ገበሬው በጥርና በየካቲት ዘመቻ ወጥቶ ድንጋይ ሲክብና አፈር ሲቆፍር ይከርማል። ቁጥሩ ሲሟላ ሪፖርት ይጻፋል። ይሁን እንጂ ዘመቻው ባለቀ ማግሥት ከብቱ በዚያው እርከን ላይ ይለቀቃል። ካቡ ይናዳል፤ አፈሩ ይረገጣል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው በተናደው በኩል ተሰብስቦ ቦረቦር ይቀዳል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ገበሬ ያንኑ እርከን እንደገና እንዲሠራ ይጠራል። ሥራው ሳይጓደል ውጤቱ የሚጠፋው የእርከኑ ዕቅድና የግጦሹ ዕቅድ ለየብቻ ስለሚታሰቡ ነው። ልቅ ግጦሽ ባለበት እርከን አይጸናም። ይህን ለማወቅ ትልቅ ጥናት አያስፈልግም፤ የከብቱን መንገድ የሚያውቅ እረኛ ይበቃል።

ጥናትም ቢሆን አልጠፋም። ስዊዘርላንዳዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ሃንስ ሁርኒ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ተራሮች ኖረው በጅንባር ሸለቆና በአካባቢው የአፈር መሸርሸርን አጥንተዋል። የተፈጥሮ ሽፋኑ ተነስቶ በሚታረሰው ተዳፋት ላይ አፈሩ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚታጠብ ያሳዩ ሲሆን፣ በኋላም በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች እንዲቋቋሙ ዋና ሚና ነበራቸው። በአንድ ክረምት የሚታጠብ አፈር በአንድ ሰው ዕድሜ ተመልሶ አይፈጠርም። እርከን በውሃ ልክ ተለክቶ መሠራት፣ ዳርቻውም ሣር መልበስ ያለበት ለዚህ ነው።

ግጦሽን በመንደር ሕግ መግዛት የማይቻል ነገር እንዳልሆነ የመንዝ ገበሬዎች አስመስክረዋል። በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘውን የጓሳ መሬት ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ከከብትና ከማጭድ ይከለከላል፤ ጊዜው ሲደርስ በመሪዎቹ ትእዛዝ ይከፈታል፤ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ሥሪቱ ሲለወጥ የቀድሞው አስተዳደር ቢላላም፣ የአካባቢው ገበሬ ማኅበራት በኮሚቴ ተደራጅተው ጥበቃውን በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ቀጥለውታል። ዛሬም ጓሳው ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚያው ይኖራሉ። ጓሳውም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ጭላዳውም በሰሜን ተራሮች አሉ። በመንዝ ከተሠራበት መንገድ አምባራስ የሚማረው ሕጉን ባላገሩ ራሱ ማውጣቱንና ራሱ ማስከበሩን ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ እንዳለ ግልጽ ነው። «በግና ፍየል ብቻ ያለው ድሃ ግጦሽ ቢዘጋበት የት ይሂድ?» ይባላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ማሳ የሌለው ወጣትና የደከመች ባልቴት በክልከላ የመጀመሪያ ተጎጂዎች ከሆኑ ሕጉ በማግሥቱ ይፈርሳል፤ መፍረሱም ተገቢ ይሆናል። ስለዚህ መሬቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዘጋ። በተራ ይዘጋ፤ ከተዘጋው ክፍል የሚታጨደው ሣርም በመጀመሪያ ለእነዚህ ወገኖች ይድረስ። ከዚህ ጋር በእርከን ዳርቻ ሣር መትከል፣ የመኖ አጃ ከቬች ጋር መዝራት፣ ብርድ ከሚችሉት የመኖ ዛፎች ደግሞ ትሪ ሉሰርንን በጓሮ መትከል ከብቱን አስሮ ለመቀለብ ያስችላል። ታስሮ የሚቀለብ ከብት ፍግም በአንድ ስፍራ ይሰበስባል። ዛሬ ኩበት እየሆነ በምድጃ የሚነደው ፍግ ወደ ማሳ እንዲመለስ ከተፈለገ ደግሞ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ በየደጃፉ መተከል አለበት። አንዱን ሳይዙ ሌላውን መጨበጥ አይቻልም።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ዘር ነው። ደጋው ገብስ ይወዳል፤ ገበሬውም ለቆላው፣ ለቆሎው፣ ለጠላው የሚሆነውን ለይቶ ያውቃል። የኢትዮጵያ ገብስ ለዓለም የተረፈ ሀብት ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አቀጫጭ ቫይረስ የታደገው ከኢትዮጵያ ገብስ የተወሰደ ዘር መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም የዚህ ሀብት ባለቤት የሆነው ገበሬ በመኸር ማግሥት ዕዳ ለመክፈል ገብሱን በርካሽ ይሸጥና በዘር ወቅት በውድ ይገዛል። የባሰ ክረምት ሲመጣም ዘሩን ይበላል። ዶክተር መላኩ ወረደ የአገር ዘር በገበሬው እጅ ሆኖ እንዲጠበቅ በመድከማቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የገበሬ የዘር ባንክ አሠራሩ ቀላል ነው። አባሉ በዘር ወቅት ይበደራል፤ በመኸር ከጥቂት ጭማሪ ጋር ይመልሳል። አንድ ጎተራ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ መዝገብና የታመኑ ሰዎች ካሉ በአምባራስም ይቻላል።

ከገብስ ቀጥሎ ተስፋ የሚጣልበት ድንች ነው። ቀዝቃዛ ደጋ ለዘር ድንች የተመቸ ነው፤ ቫይረስ የሚያዛምቱት ክሽክሾች በብርድ አገር እምብዛም አይበዙምና። ስለዚህ የደጋው ገበሬ ለወይና ደጋው ገበሬ ዘር ድንች አቅራቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዘር ድንችና የምግብ ድንች አያያዛቸው ይለያያል። የምግብ ድንች በጨለማ መቀመጥ አለበት፤ ብርሃን ካገኘ ይመርራል፤ ጤናም ይጎዳል። ዘር ድንች ግን ከፀሐይ ሐሩር ተጠልሎ ብርሃንና ነፋስ በሚያስገባ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል፤ ለወራትም ይቆያል። ይህን መጋዘን ከአካባቢው እንጨት መሥራት ይቻላል። እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች ንጹሕ መነሻ ዘር እንዲደርስ ማድረግ ግን የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና የምርምር ማእከላት ድርሻ ነው።

አንዳንዶች «አምባራስ ቱሪስት ያልፍበታል፤ እርሻው ቀርቶ በቅሎ ማከራየትና መንገድ መምራት ይበቃል» ይላሉ። ገቢው መልካም ነው፤ ለሕዝቡ የሚደርሰው ድርሻም ሊጨምር ይገባል። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. በሽታው ዓለምን ሲያሽመደምድ እንግዳ ጠፋ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ገቢው ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትም ጠፋ። በእነዚያ ወራት በየጎጆው የተበላው በጎተራ የነበረው እህል ነው። የቱሪስት ገንዘብ ሲመጣ የዘር ጎተራ ይሠራበት፣ የመኖ ዘር ይገዛበት። የእርሻው ደጋፊ ይሁን እንጂ የእርሻው ምትክ አይሁን።

ከዚህ በመነሳት የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከመኸር በኋላ ሥራው ጋብ ሲል ጉባኤ ሊጠሩ ይገባል። በጉባኤው ላይ ጥሪት ያላቸው አባወራዎች ብቻ መናገር የለባቸውም። ውሃና ማገዶ የሚያመላልሱት ሴቶች፣ መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች፣ የድሮውን የግጦሽ ወሰን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይሰሙ። የትኛው ተዳፋት አፈሩ እየታጠበ ነው? የትኛው ግጦሽ በቅድሚያ ይከለል? ስንት ቤት ዘር አጥቷል? እነዚህ ጥያቄዎች በቃለ ጉባኤ ይመለሱ። በመንደሩ አቅም የሚሠራው በአንድ ወገን፣ ከወረዳው የሚጠየቀው በሌላ ወገን ተለይቶ ይጻፍ። የፓርኩ አስተዳደርም ተጠርቶ ወሰኑና የግጦሹ ጉዳይ ፊት ለፊት ይነገር።

በ2011 ዓ.ም. በተራራው ላይ እሳት ሲነሳ ቅጠል ይዞ ከወጣው ሰው መካከል የአካባቢው ገበሬ አንዱ ነበር። ተራራውን ከእሳት ለመከላከል የተጠራ ገበሬ ስለ ተራራው ዕቅድ ሲወጣም ሊጠራ ይገባዋል። ጥሪው እስኪመጣ ግን መጠበቅ የለበትም። የራሱን ዕቅድ ጽፎ፣ አባላቱ የተስማሙበትን ቃለ ጉባኤ ይዞ የቀረበ የገበሬ ማኅበር ጥያቄው በቀላሉ አይገፋም። የመጀመሪያው ጉባኤ የሚጠራበትን ቀን መወሰን የመሪዎቹ ፋንታ ነው።