አሶሳ ለወርቅ ቅርብ፣ ለማንጎ ሩቅ

ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ ያለው የአየር ርቀት 475 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይደርሳል። በአምቦ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ግን ወደ 670 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሰዓት በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የጭነት መኪና ያለ አንዳች እንቅፋት ቢነዳ እንኳ 17 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ማደሪያውና ኬላው ሲታከሉበት የሁለት ቀን ጉዞ ይሆናል።

ይህ ልዩነት በክልሉ ገበያ ላይ የትኛው ዕቃ እንደሚነግሥ ይወስናል። ከመንጌ፣ ከሸርቆሌና ከኩርሙክ የሚወጣው ወርቅ አንዱ ኪሎ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ስለሚያወጣ የአየር ማጓጓዣ ሂሳብ አያስጨንቀውም። ማንጎና እብነ በረድ ግን አውሮፕላን የመሳፈር አቅም የላቸውም። ማንጎው በመንገድ ይበሰብሳል፤ እብነ በረዱ በክብደቱ የትርፉን ህዳግ ይበላዋል።

አንድ ኪሎ ማንጎ አሶሳ ላይ በሚሸጥበትና አዲስ አበባ ላይ በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው በደላላው ላይ ነው። ደላላው ከደሙ ንጹህ ነው ባይባልም፣ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከአሥር ጭነት አንዱ ቢበላሽ የቀሩት ዘጠኙ የአሥሩንም ወጪ መሸከም ይኖርባቸዋል። ገዢው ይህንን ስጋት አስቀድሞ አስልቶ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በወለጋና በመተከል በነበረው የፀጥታ ችግር መንገዱ ተደጋግሞ ሲቋረጥ ስጋቱ የቱን ያህል ከባድ እንደሆነ ታይቷል። ያኔ አውሮፕላኑ መንገደኛውን ታደገ እንጂ ጭነቱን አልታደገም።

በምዕራብ በኩልም አማራጩ ጠባብ ነው። የኩርሙክ ድንበር ከአሶሳ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወደ ጦርነት ከገባች ወዲህ ነጋዴው በዚያ በር የሚተማመንበት ሁኔታ የለም።

ስለዚህ በአሶሳ ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስብ ኢንቨስተር የበረራውን ሰዓት አይቶ ከተማዋን ቅርብ ናት ብሎ ባይዘናጋ ይመረጣል። እርሱ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ምርቱ የሚመጣው በመኪና ነው። የሚያዋጣው መንገድ ክብደቱን እዚያው መቀነስ ነው። ማንጎውን አድርቆ ወይም ጨምቆ፣ እብነ በረዱን ቆርጦና አለስልሶ መጫን ሁለት ቀን የሚፈጀውን ጉዞ ዋጋ ያለው ጉዞ ያደርገዋል።

መንግሥትም ቢሆን ለአሶሳ ሰጠሁ የሚለው ድጋፍ በበረራ ብዛት ብቻ ሊመዘን አይገባም። ለገበሬው የሚጠቅመው የጭነት መኪናው በተባለው ቀን መነሳቱና በተባለው ቀን መድረሱ ነው። መንገዱ አስተማማኝ እስካልሆነ ድረስ የርቀቱን ሂሳብ የሚከፍለው ማንጎውን የተከለው ገበሬ እንደሆነ ይቀጥላል።